ድምፅ የሚያፈሰው ሄድፎን

ከአረብ አገር ስመለስ ሐይቅ ከተማ የጠበቀችኝ ወርቅ አጥልቄ እንድመጣ ነበር። ሰላም ሊሉኝ የመጡት ሴቶች ጉንጬን ስመው ሳይጨርሱ የሻሼን ጫፍ ገለጥ እያደረጉ ጆሮዬን ያዩ ነበር። ጉትቻ የለም። የነበረችኝ አንዲት ጥቁር ኤርፎን ብቻ ነበረች፤ እሷም በሦስተኛው ቀን አንዲት ገዘፍ ያሉ የአባቴ ዘመድ ተቀመጡባትና አረፈች። "ኧረ ምንድን ነው የወጋኝ?" ብለው ተነሡ። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ለወንድሜ ሚስት ሄድፎን ልገዛ እንደሆነ ነገርኳት። ያረፍኩት እነሱ ቤት ነበር፤ ወንድሜ በወልድያ መንገድ ሚኒባስ ስለሚነዳ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት።

"ለጆሮሽ ጉትቻ ሳትገዢ ሄድፎን?" አለችኝ።

"ጉትቻ አይዘፍንም።"

"ሄድፎንም ባል አያመጣም" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ስለ ጆሮዬ ትንሽ ካልተናገርኩ እናንተም እንደ ከተማው ሰው ቅብጠት ይመስላችኋል። በሠራሁበት ቤት የአሠሪዎቼ ትልቁ ልጅ አሥራ አንድ ሄድፎን ነበረው። ግድግዳ ላይ እንደ ኮርቻ ተደርድረው ተሰቅለው፣ በየቀኑ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ሰውየው ሥራ የለውም፣ ሚስት የለውም፣ ጓደኛ የለውም፤ ጆሮ ብቻ ነበረው። ስለ ሄድፎኖቹ የሚሰማው ሰው ሲያጣ ለእኔ ማውራት ጀመረ። እኔ ደግሞ ተቀጣሪ ስለሆንኩ ጥዬው መሄድ አልችልም።

"ወፍራሙን ድምፅ ማንም ያወጣዋል" ይለኛል፣ እኔ መስኮት እየወለወልኩ። "ቀጭኑንም ማንም ያወጣዋል። የሰው ድምፅና የክር ድምፅ ያለው መሀሉ ላይ ነው። መሀሉን የሚበላ ሄድፎን ሌባ ነው።"

በልቤ "ሌባው አንተ፣ ቀኔን የሰረቅኸው" እላለሁ። አንድ ቀን እሱ ሲወጣ ግን አንዱን ከግድግዳ አውርጄ ስልኬ ላይ ሰካሁት። አንድ ክራር ብቻውን የሚመታበት ሙዚቃ ነበረኝ፤ እሱን ከፈትኩ። ጣቱ ክሩን ከመምታቱ በፊት ክሩን ሲነካው ሰማሁ። ጥፍሩን ሰማሁ። የያዝኩትን የአቧራ ጨርቅ እንደያዝኩ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የተበላሸሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በተራ ኤርፎን ሙዚቃ መስማት፣ ከሠርግ ቤት ወጥቶ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እንደማየት ሆነብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ልጁ ለትምህርት ብሎ ግድግዳውን ባዶ አድርጎ ሄደ። የአጎቴ መንዙማ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በእግር በሚኬድበት መንደር ይኖራሉ። መንዙማ ሲያወርዱ እንኳን ሰው ከብትም ዝም ይላል ይባላል። የወንድሜ ሚስት ዱዓ ሊደረግ ሰው በተሰበሰበበት በስልኳ ቀድታ ላከችልኝ። "ላንቺ ብቻ ነው ያዜሙት" ብላ ጻፈችልኝ። "ዱዓ አድርገውልሻል። አልቅሰዋል።" እኔም አንድ ጆሮዋ ብቻ በሚሠራ ኤርፎን እሱን እየሰማሁ ስንት ሸሚዝ ተኮስኩ። መጀመሪያ ላይ የሰዎች ጉርምርምታ አለ፤ ቀጥሎ ሁሉም ባንድ ድምፅ "አሚን!" ይላሉ፤ ከዚያ አጎቴ ይጀምራሉ። እዚያ "አሚን" ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣ ነበር። በእንባዬ የራሰ የሰው ሸሚዝ ቁጥር የለውም።

እንግዲህ ይኼን ቅጂና የክራሩን ሙዚቃ በስልኬ ይዤ ነው ሐይቅ አስፋልቱ ዳር ካሉት የሞባይል ዕቃ ሱቆች ትልቁ ውስጥ የገባሁት። ሻጩ አንገቱ ላይ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ሄድፎን እንደ ቀንበር ጭኗል።

"ምን ዓይነት ነበር የፈለግሽው፣ እህቴ?"

"ሰው ብቻውን ሲያዜም፣ ወይ ክራር ብቻውን ሲመታ ጥርት አድርጎ የሚያሰማ።"

"አብሽሪ! ያንቺ ዕቃ ይኸው" አለና የኩንታል ክብደት ያለው ነገር ጭንቅላቴ ላይ ጫነብኝ። ከዚያ የራሱን ስልክ ነካ አደረገ። መጀመሪያ የመሰለኝ አስፋልቱ ላይ ሲኖትራክ የተገለበጠ ነው።

"ቤዙን ስሚው!" ብሎ ይጮኻል። ልመልስለት ፈልጌ ነበር፤ መንጋጋዬ እየተንቀጠቀጠ አልሆነልኝም።

አውልቄ በራሴ ስልክ አጎቴን ከፈትኩ። አጎቴ የውኃ ቦቴ ውስጥ ገብተው ክዳኑ የተዘጋባቸው መሰሉ። ድቤው ይደልቃል፣ እሳቸው ከታች "አውጡኝ" የሚሉ ይመስላሉ።

ሻጩ አንዱን ጆሮ አስጠግቶ ሰማና ሳቀ። "ይሄማ መንዙማ ነው። ለመንዙማ ማን ደህና ሄድፎን ይገዛል? መንዙማ የሚሰማው በልብ ነው።"

"በልብ ከሆነ ያንተ ዕቃ ደረቴን ለምን ይደበድበዋል?"

"እህቴ፣ አልገባሽም። በስልክሽ ትቀይሪዋለሽ። ይኸው፣ ሮክ አለው፣ ጃዝ አለው፣ ፖፕ አለው፣ ክላሲክ አለው።"

"አምባሰልስ?"

"እ?"

"አምባሰል። እዚያ ማዶ ያለው። ሰዉም፣ ቅኝቱም።"

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አገላብጦ ፈለገ፤ በቅንነት ነው የፈለገው። "እሱ ገና ነው" አለኝ። "አፕዴት ሲደረግ ይመጣ ይሆናል።"

ምን ይፈረድበታል። አዲስ አበባ ያለው ሰው አምባሰል ሲባል ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ አገር መሆኑን፣ ጭቃ እንዳለው፣ ሰዉ ጭቃውን የሚረግጠው ያለ ምንም ቅኝት መሆኑን አያውቅም። የእኛው ልጅ ደግሞ ተራራውን በየቀኑ እያየ ዜማውን ከስልክ ፋብሪካ ይጠብቃል።

ይኼን ስንነጋገር ከበስተኋላዬ አንድ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ መሪጌታ ቆመው ይሰሙ ኖሯል። ከእስጢፋኖስ ገዳም ወገን ናቸው፣ ዜማ ያስተምራሉ። እሳቸውም ያለፈው ሳምንት የገዙትን ሄድፎን በላስቲክ ጠቅልለው ሊመልሱ ነው የመጡት።

"ልጄ፣ ይሄ ያንተ ዕቃ ሰውየውን ደብቆ ከበሮውን ብቻ ያወጣል" አሉት ሻጩን። "መጀመሪያ በባዶ ድምፅ ቁም ዜማው ሳይባል ከበሮ ይመታል እንዴ?"

"አባ፣ ሲቆይ ይለምዱታል።"

"እኔ ልለምደው? እሱ አይማርም?"

ወደ እኔ ዞረው፣ "እስቲ ያንቺን ሰው አሰሚኝ" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥምጥማቸው ላይ ያ ቀንበር ተቀምጦ፣ እስኪያበቃ ሰሙ። "እኒህ ሰው ጉሮሮ አላቸው፣ ይባርካቸው" አሉ። "ግን የት ላይ እንደሚተነፍሱ ይኼ ነገር አይናገርም። የማይተነፍስ ሰው ሲያዜም መስማት ያስጨንቃል።"

ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። በከተማው ውስጥ ስለ ትንፋሽ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ሻጩ ሁለታችንንም በየተራ አየና "እናንተ ሬዲዮ ግዙ" ብሎ ደመደመ። መሪጌታ ሻጩ ዕቃውን አልቀበልም ብሏቸው በባጃጅ ሲሄዱ "ካገኘሽ ንገሪኝ" አሉኝ።

በሳምንቱ ደሴ ሄድኩ። እዚያ አንድ ሱቅ እንዳለ ሁሉም ይነግረኝ ነበር፤ ባለቤቱ "የድምፅ ባለሙያ" ነው ተባልኩ። ለሠርግ ሞንታርቦ የሚያከራይ፣ ከሱቁ በር ላይ እሱን የሚያክሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ያቆመ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ስለሚጮሁ እኛም እየጮኽን ነው ያወራነው።

"ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው የምትሰሚው?"

ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ጠየቀኝ። "የሰው ድምፅ። ክራር። ብዙ ዕቃ የሌለበት።"

"አኩስቲክ!" አለ፣ ቃሉን እንደ ዲግሪ ከፍ አድርጎ እያሳየኝ። "እንደሱ በይኛ! አኩስቲክ የገባው ሰው ደሴ ላይ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።" ሁለተኛው ማን እንደሆነ አልነገረኝም። ከመደርደሪያው ላይ ያወረደልኝ ግን ያው የሐይቁ ሲኖትራክ ነው፤ የዚህኛው መብራት ቀይ ነበር።

"ይሄ ቤዝ ነው" አልኩት።

"አኩስቲክም ይችላል።"

አጎቴን ከፈትኩለት። "ሰውየው የት ላይ እንደሚተነፍስ እስቲ በዚህ ንገረኝ።"

ሰማ። ግንባሩን ቋጠረ። "አይተነፍስም" አለኝ።

"ሳይተነፍስ እንዴት ይኖራል?"

"እህት፣ ሥራችን እኮ ነው። ዘፋኝ ሲቀዳ ትንፋሹን በኮምፒዩተር ቆርጠን እንጥለዋለን። ትንፋሽ ቆሻሻ ነው።"

ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለኝ። ስንቱ ዘፋኝ በዚህ ሰው እጅ ትንፋሹን እንዳጣ አላህ ይወቀው። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ከጠረጴዛው ሥር፣ የተበጣጠሰ ገመድና የቻርጀር ሬሳ በተከመረበት ካርቶን ውስጥ አንድ ግራጫ ሄድፎን አየሁ። ገመዱ ረጅም ነው፣ የጆሮው ስፖንጅ ተልጧል፣ ጀርባው ግን ድፍን አይደለም፤ እንደ ወንፊት ነው። ግድግዳው ላይ ከነበሩት አሥራ አንዱ ውስጥ ልጁ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው ጀርባው እንዲህ ክፍት ነበር። "አየር ካላገኘ ድምፅ ይታፈናል፣ እንደ ሰው" ይለኝ ነበር።

"ያ ምንድን ነው?"

"እሱ የተበላሸ ነው። ሦስት ሰው ወስዶ መልሶታል። ድምፅ ያፈሳል።"

"ያፈሳል?"

"በጀርባው ያፈሳል። ጎንሽ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ቤዝ ደግሞ ጭራሽ የለውም።"

ሰካሁት። የክራሩን ከፈትኩ። ጥፍሩ ክሩን ሲነካው፣ ከዚያ ሲለቀው፣ ከዚያ እንጨቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ ቀስ እያለ ሲጠፋ። ከበሩ ላይ ሞንታርቦው እየጮኸ እንኳ ሰማሁት። ፊቴን አጠቆርኩ፤ የወሎ ገበያ ያሳደገው ሰው ሲደሰት ማኩረፍ ያውቃል።

"ኧረ ይሄስ እውነትም ሞቷል" አልኩት። "ለአንዲት አሮጊት ዘመዴ ይሆናል እንደው።"

እንደ ምጽዋት ሰጠኝ። ስወጣ ፈገግታውን በእጁ ሊሸፍን ሲሞክር አየሁት፤ እኔም የእኔን በሻሼ ሸፈንኩ። እስከ ሐይቅ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ እያዘንኩለት መጣሁ፤ እሱም ያን ቀን ሲያዝንልኝ ሳይውል አልቀረም።

ቤት ስደርስ ከሰዓት ነበር። የወንድሜ ሚስት በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ነው። ከጎኗ ተቀመጥኩና አጎቴን ከፈትኩ። ሄድፎኑ ገና ከመጀመሪያው አየሩን ራሱ አሰማኝ፤ ሰው ሲጠጋጋ፣ አንድ ሰው ሲያስል፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ። ቀጥሎ ያ ለዓመታት ጉርምርምታ ብቻ የመሰለኝ ነገር መጣ። ጉርምርምታ አልነበረም። የወንድሜ ሚስት ድምፅ ነበር።

"አባባ፣ ለዚያች አረብ አገር ላለችውም ዱዓ ያድርጉላት።"

"የቷ?" አሉ አጎቴ።

"የእህትዎ ልጅ።"

"የእህቴ ልጅ አረብ አገር ያልሄደ ማን አለ? የቷ ናት?"

ከዚያ የወንድሜ ሚስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ያቺ… ምላሷ" አለች።

"እ! እሷ!" አሉ አጎቴ። "ለእሷማ ዱዓ ሳይሆን ልጓም ነው የሚያስፈልጋት።" ሰው ሁሉ ሳቀ። "በሉ እሺ፤ እጃችሁን አንሡ። አላህ ለአሠሪዎቿ ሶብር ይስጣቸው!"

"አሚን!"

ያ የኔ "አሚን"። ሸሚዝ በእንባ ያስረጠበኝ "አሚን"።

ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ ሰማሁት። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረግሁት፤ ያኔ የወንድሜ ሚስት እጅ ምስሩ ላይ ቀጥ አለ። ሄድፎኑ ያፈሳላ። የራሷን ድምፅ ሰምታለች። አወለቅሁት።

"አልቅሰዋል አላልሽኝም?"

ትሪውን ትንሽ ነቀነቀችው። "አልቅሰዋል እኮ" አለችኝ። "በሳቅ።"

"ላንቺ ብቻ ነው ያዜሙት አላልሽኝም?"

"እና ምን ልጻፍልሽ? ከሰው አገር ተቀምጠሽ፣ ልጓም ይገባላታል ተብለሻል ብዬ ልላክልሽ? ቅጂውን ልኬልሻለሁ፤ ጆሮ ከሌለሽ እኔ ምን ላድርግ?"

ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ኩርፊያው የከበደው ለእኔ ነው፤ ምክንያቱም ምላሴ ረጅም ናት ተብዬ ተሰድቤ፣ አይደለችም ለማለት መናገር አለብኝ። ደግሞ ውስጤን ስጠይቀው የነደደኝ ስድቡ አልነበረም። ስድቡማ እውነት ነው። የነደደኝ "የቷ?" ያሉት ነው። እኔ በየቀኑ ትንፋሻቸውን ስፈልግ፣ እሳቸው ከእህታቸው ልጆች መሀል ሊለዩኝ አልቻሉም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄድፎኔን በሻንጣ ይዤ በወንድሜ ሚኒባስ ውጫሌ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጀሁ፤ ያዘጋጀሁት ለአንድ ሸንጎ ይበቃ ነበር።

አጎቴ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከስተዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ስቀና አገጬን ያዝ አድርገው አዩኝ። "መጣሽ? አልሃምዱሊላህ" አሉኝ። የቷ አላሉም፤ ወይም አውቀውኛል ወይም ለማንም እንደዚያ ይላሉ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ ሄድፎኑን አውጥቼ በኮፍያቸው ላይ አጠለቅሁላቸውና ከፈትኩት።

ጆሯቸው ስለተሸፈነ እየጮኹ ነው ያወሩት። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

"ማነው ይሄ?"

"እርስዎ ነዎት!"

"እኔ? ዋ!" ጥቂት ሰሙ። የመጀመሪያው ነገር ላይ ሲደርሱ፣ "የቷ" ላይ፣ "ልጓም" ላይ፣ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ከአንዱ ጆሯቸው ላይ ገፋ አደረጉት።

"ይሄን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

አሰብ አደረጉ። ይቅርታ የሚሉኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

"አሠሪዎችሽስ?" አሉኝ። "ታገሡሽ?"

"ታገሡኝ።"

"ይኸው! ደርሷል እኮ ዱዓው!" ብለው ሄድፎኑን መልሰው ጆሯቸው ላይ ገጠሙት።

ምን ይባላል? ልስቅ አልፈለግሁም፤ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ እኔን ረስተውኛል። መንዙማው ተጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥሎ መነቅነቁን ተዉት፤ ቀጥሎ ፊታቸው ተቆጣ።

"ይሄ ሰውዬ ትንፋሽ ይሰርቃል!" ብለው ጮኹ። "እዚህ ላይ! ስሚው! ቃሉን ሳይጨርስ አየር ሳበ!"

"እርስዎ እኮ ነዎት።"

"ማንም ይሁን! ይሄን ነው እስከ አረብ አገር የላካችሁት?"

ሌላ እንድቀዳ አዘዙኝ። ስልኩን ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። "አንቺ ደግሞ ዝም በይ፤ ይሄ ዕቃ ሁሉን ይሰማል" አሉኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት። ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ቀጥኗል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ጨርሰው ሰሙት፤ አልወደዱትም። ደገሙ። ያንንም አልወደዱትም። አራት ጊዜ አዜሙ፤ አራተኛው ላይ እኔ ምላሴን ነክሼ ይዤ፣ ድምፃቸው ሲሰነጠቅ እየሰማሁ አለቀስኩ፤ ይኼኛው በሳቅ አልነበረም። እሳቸው አላዩኝም፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ይሄ ይሻላል" አሉ። "ቢያንስ ሌብነት የለበትም።"

ስነሣ ሄድፎኑን አልመለሱልኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እሳቸው የቁልፍ ስልክ አላቸው፣ የኤርፎን ቀዳዳ ያለው፤ ቅጂዎቹን በሜሞሪ ጫንኩላቸው። መሪጌታን ሐይቅ አስፋልቱ ላይ ሳገኛቸው እውነቱን ነገርኳቸው፤ አግኝቼ ነበር፣ አጎቴ ወሰዱት አልኳቸው። "ጥሩ ቦታ ነው ያለው" አሉኝ፣ ቅር እንዳላቸው ግን ፊታቸው ላይ ይታያል።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ ሚስት ደወሉልኝ።

"ምንድን ነው ያመጣሽብኝ?" አሉ። "ጠዋት ያደርገዋል፣ ምሳ ቀርቦ ያደርገዋል። ስጠራው አይሰማኝም።"

"ድሮስ ይሰሙዎት ነበር?"

"ድሮም አይሰማኝም ነበር" አሉኝ። "አሁን ግን ምክንያት አለው።"